ድንጋዩን በሆዱ አስተኙት

ባሕሩ ከሌላው ጊዜ ሁሉ አብዝቶ በሸሸበት ማለዳ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነበርና፣ እስቲ ወለሉ እስከ የት እንደተገለጠ ልይ ብዬ ወደ ጠረፉ ወረድኩ። በኮኮናት ዛፎቹ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ ቢ ካዚጃን ደረስኩባቸው። ካንጋ ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ጫፉ ላይ ቆልማማ ብረት የተሰካበትን ዱላቸውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ባዶ ቅርጫት በክንዳቸው አንጠልጥለው ብቻቸውን እያወሩ ይሄዳሉ። በመንደራችን በምዋምባኒ ቢ ካዚጃ ብቻቸውን ሲያወሩ የሰማ ሰው ዞር ብሎ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። እኔ ግን መምህር ነኝ፤ ሰው ተቆጥቶ ሳይ ምክንያቱን ካልጠየቅሁ ምሳ አይበላልኝም።

«ሺካሞ፣ ቢ ካዚጃ! በጠዋቱ ማንን ነው የሚረግሙት?»

«ማራሃባ። ማንን እረግማለሁ? የልጅ ልጄን ነዋ!» አሉና ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንተ መምህር ሻሜ፣ አንተው ፊደል አስቆጥረህ ያበላሸሃት ልጅ! ዛሬ ማታ የእጮኛዋ ወገኖች ይመጣሉ። ሙሽራይቱ የት ናት ብለህ ጠይቀኝ እስቲ።»

«ሙሽራይቱ የት ናት?»

«ባሕር ወርዳ ቀንድ አውጣ ትቆጥራለች!»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን የሚስቁበት ነገር አልነበረም። በእኛ ዘንድ የልጁ ወገኖች መጀመሪያ የሚመጡ ዕለት፣ ከልጅቷ ቤተሰብ ድንጋይ ሥር የወጣ ፑዌዛ፣ ያ አጥንት የለሽ ባለ ስምንት ክንድ የባሕር እንስሳ፣ አንድም ክንዱ ሳይጎድል በኮኮናት ወተት ተሠርቶ ይቀርብላቸዋል። ከገበያ የተገዛ አይሆንም። ቢገዛም የሻጩ ሚስት ወሬውን ከፑዌዛው ቀድማ ታደርሰዋለች። ቢ ካዚጃ ደግሞ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያችን ልጅ ያሳደጉት፣ ኮሌጅም የላኳት በዚያችው በቆልማማ ዱላቸው ነው። ለዛሬ ባዶ እጃቸውን መቀመጥ ለእሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ሥራ ከንቱ ሆኖ መታየት ነው።

«ሳምንቱን ሙሉ ወረድኩ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንዲት ፑዌዛ አላየሁም፤ ዋላሂ አንዲት! ዛሬ ካጣሁ ለቢ ሙዋቲማ ምን አቀርብላታለሁ? ጨው?»

ቢ ሙዋቲማ የእጮኛው አያት ናቸው። ከወሽመጡ ማዶ ባለው መንደር የሚኖሩ የድንጋይ ሴት ናቸው፤ እንደ ቢ ካዚጃ ድንጋይ እየገለበጡ የሚያድኑ ማለቴ ነው፣ ምላሳቸውም እንደ እሳቸው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ቤት ተጋብዘው «ፑዌዛው ሕፃን ነው፤ ከጡት ያስጣላችሁት ማን ነው?» ብለው እስከ ወደብ ድረስ መሳቂያ አድርገውታል። አዘንኩላቸው። ቅርጫቱን ልያዝልዎት ብልም አልሰጡኝም።

ከዛፎቹ ስንወጣ፣ የሰው ያለህ! ባሕሩ ሸሽቶ ሸሽቶ ነጭ መስመር ብቻ ሆኗል። ሌላ ቀን ጀልባ የሚሄድበት ቦታ ጥቁር ድንጋይ፣ አረንጓዴ ሣርና የሚያብለጨልጭ ኩሬ ሆኖ ተዘርግቷል። ሴቶቹ ዱላቸውን ይዘው ተበትነዋል። በመካከላቸው ደግሞ ከእንጨት የተሠራ አራት ማዕዘን ይዘው ወዲያ ወዲህ የሚሉ ወጣቶች አሉ። የቢ ካዚጃ የልጅ ልጅ ዙዌና የሰበሰበቻቸው ፈቃደኞች ናቸው። ትምህርት የጨረሱ ልጆች፣ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ፋኪ የሚባል የሞተር ብስክሌት ሾፌርም አለበት። ማንም አይከፍላቸውም። ማዕዘኑን ድንጋዩ ላይ ያስቀምጡና በውስጡ ያለውን ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ ይቆጥራሉ፤ ከድንጋዩ ሥር ያለውንም አይተው ይመዘግባሉ። «ባለኮከብ ዓሣ!» «ሌላ ባለኮከብ!» «ያ አላህ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እያሉ የሚጮሁት ጩኸት እኔንም ልጅ አደረገኝ። ጫማዬን አውልቄ ጣልኩና ገባሁ።

ቢ ካዚጃ ግን ቀጥ ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። የዱላቸውን ብረት ከአንድ ድንጋይ ሥር አስገብተው፣ ወገባቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ እያቃሰቱ ገለበጡት። ምንም የለም። ሁለተኛውን ገለበጡ። ምንም የለም። ሦስተኛው ትልቅ ነበርና እኔም አገዝኳቸው፤ ጣቴ ተላጠ እንጂ ከሥሩ የተገኘ ነገር የለም። ይህኔ ፋኪ ከወዲያ ሆኖ፣ ደግ ሥራ የሠራ መስሎት፣ በታላቅ ድምፅ ተጣራ።

«ቢቢ፣ እሱን አይልፉበት! ቅድም አይተነዋል፤ ፑዌዛ የለበትም!»

ቢ ካዚጃ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«አይታችሁታል?»

«አዎ፣ ያን ሁሉ ረድፍ አይተነዋል።»

«አይታችሁት እንደ ድንግል ድንጋይ አስተኝታችሁት ሄዳችሁ?» ዱላቸውን አነሱ። «እናንተ ሌቦች! ያለ ወገብ ልታስቀሩኝ ነው? ዙዌና! አንቺ ዙዌና! ነይ ወዲህ!»

ዙዌና ሱሪዋን ጠቅልላ፣ በላዩ ላይ ካንጋ አሥራ፣ እስከ ክርኗ ጭቃ ለብሳ መጣች። ማታ የእጮኛዋ ወገኖች የሚመጡላት ልጅ አትመስልም። ከአያቷ ፊት ቆማ እጇን ሳመችና «ምን አጠፋን፣ ቢቢ?» አለች።

«ድንጋይ ገልብጦ ያየ ሰው ምን ያደርጋል? አላስተማርኩሽም?»

«ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይተወዋል።»

«ለምን?»

«ከኋላው የምትመጣ ሴት ከሩቅ አይታ፣ ይሄ ታይቷል ብላ እንድታልፈው።»

«ታዲያ እኔ ከኋላሽ አልመጣሁም? እኔ ሴት አይደለሁም? ድንጋይ አይቶ መልሶ የሚያስተኛ ሰው ጎረቤቱን የሚያታልል ነው። እናቴ ይህን ያደረገችውን ሴት ከእሷ ጋር ውሃ አልቀዳም ብላት ነበር። ኮሌጅ የላክሁሽ ማታለል እንድትማሪ ነው?»

እውነቱን ልናገርና፣ በዚህ ጊዜ ልቤ ወደ ቢ ካዚጃ አዘነበለ። ደግ ልማድ ነው። በእነዚያ ድንጋዮች ላይ ማንም ለማንም ደብዳቤ ሳይጽፍ አንዷ ለሌላዋ ወገብ ስታስብ የኖረችበት ነው። ሌላ አገር ሰው ያየውን ነገር ይደብቃል፤ የእኛ ሴቶች ግን ባዶውን እንኳ ለጎረቤት ያሳውቃሉ። ዙዌናም ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ አልተቆጣችም።

«ቢቢ፣ ልማዱ ደግ መሆኑ አይጠፋኝም» አለች። «ያላሳወቅናችሁ እኛ ነን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገር ግን ሆዱን ወደ ሰማይ አድርገን የምንተወው ድንጋይ እየሞተ ነው።»

«ድንጋይ ይሞታል?» ቢ ካዚጃ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ይህን አንተ ነህ ያስተማርካት?»

«እንዲያውም በሳይንስ መጽሐፉ ላይ...» ብዬ ስጀምር፣ «አንተ ዝም በል፤ እሷ ትመልስ» ተባልኩ።

ዙዌና ጎንበስ ብላ፣ ከተገለበጠ ሰንበትበት ያለ አንድ ድንጋይ ላይ እጇን አሳረፈች። የድንጋዩ ሆድ ነጣ ብሎ ደርቋል። በጥፍሯ ስትፍቀው ዱቄት ረገፈ።

«ይሄ ዱቄት ነፍስ የነበረው ነገር ነው፣ ቢቢ። ከድንጋይ ሥር የሚኖሩት ጥላና እርጥበት የለመዱ ናቸው። ፀሐይ ካገኛቸው አንድ ቀን አይውሉም። ከላይ የነበረው ሣር ደግሞ ብርሃን የለመደ ነው፤ ወደ ታች ሲሆን ታፍኖ ይበሰብሳል። ስንገለብጠው የቤቱን ጣሪያም ወለሉንም አንድ ላይ ነው የምናፈርሰው።»

«በድንጋይ ሆድ ያለው ትል ነው። ለትል ነው እንዴ የምታለቅሺው? ማታ ለቢ ሙዋቲማ ‘ትላችን አልቆብን እያዘንን ነው’ ልበላት?»

ፈቃደኞቹ ሳቁ። ዙዌናም ሳቀች፤ ግን አልተወችም።

«ትሉን ሸርጣን ይበላዋል። ሸርጣኑን ማን ይበላዋል?»

«ፑዌዛ ነዋ። ለእኔ ልትነግሪኝ ነው?»

«ትል ከሌለ ሸርጣን ምን ሊሠራ ይመጣል? ሸርጣን ከሌለስ ፑዌዛ?»

ቢ ካዚጃ ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ይህ ሰው የሚያስብበትን ጊዜ የሚገዛበት ነገር መሆኑን ክፍል ውስጥ ከተማሪዎቼ ተምሬያለሁ።

«ፑዌዛውን ያሸሸው የሞተር ጀልባው ነው» አሉ። «የሆቴሉ መብራትም ነው። ሱሪ የለበሰች ሴት ባሕር ስትገባም ባሕሩ ይቀየማል።»

«ጀልባውም ድርሻ ይኖረዋል፤ መብራቱንም አላውቅም። ሱሪውን ይተዉልኝ፤ የሱሪ ፍርድ ለማታ ይቆየን» አለች ዙዌና። «ጀልባውን ማቆም አንችልም፣ ቢቢ። ድንጋዩን መመለስ ግን በእጃችን ነው።»

«እናቴም ገልብጣለች። የእሷም እናት ገልብጣለች። ያኔ የሞላ ቅርጫቴን አስቀምጬ ሁለተኛ ቅርጫት ለማምጣት ቤት እመለስ ነበር! ድንጋይ መገልበጥ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ያኔ ለምን አላለቀም?»

ይህ ከባድ ጥያቄ ነበር። ዙዌናን አየኋት።

«ያኔ በዚህ ጠረፍ የምትወርዱት እነማን ነበራችሁ?»

«እኔ፣ እናቴ፣ አክስቴ... የማዶዋ ኪዳዋ... እሷም ካላረገዘች።»

«አሁን ቀና ብለው ይዩ።»

ቢ ካዚጃ ቀና ብለው አዩ። እኔም አየሁ። እስከ ነጩ መስመር ድረስ ካንጋ ብቻ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ከሌላ መንደር በሞተር ብስክሌት የመጡም አሉ፤ ፋኪ ራሱ በሌላ ቀን የሚያመላልሳቸው። ደግሞም አንድ ነገር አየሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ኖሬ ያላየሁትን። ጥቁሩ ጠረፍ ጥቁር አልነበረም። ከአጠገባችን ጀምሮ እስከ ሩቅ ድረስ ነጫጭ የድንጋይ ሆድ ተሰጥቶበታል። እንደዚያ ነጥቶ ሳይ ደነገጥኩ።

«ያኔ አንዱ ድንጋይ ዳግመኛ እስኪነካ ያገግም ነበር» አለች ዙዌና በቀስታ። «ዛሬ ግን ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ሁሉም ይገለበጣል።»

ቢ ካዚጃ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«ወሬ ነው። አሳዪኝ። ያልተገለበጠ ድንጋይ ከዚህ ይሻላል ካልሽ አሳዪኝ።»

«ከየት አመጣለሁ? ያልተገለበጠ ድንጋይ እኮ የለም» አለች ዙዌና። ከዚያ ድንገት ዓይኗ በራ። «አለ እንጂ! ቢቢ፣ የእናትዎ ድንጋይ!»

ከትልቁ ኩሬ ዳር፣ እንደ በሬ ተጋድሞ የሚታይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። ለቢ ካዚጃ ከእናታቸው የወረደ ነው። በእኛ ዘንድ የሰው ድንጋይ አይነካም፤ የቢ ካዚጃን የነካ ደግሞ ከጠረፉ በዱላ ይባረራል። እሳቸውም ቢሆኑ ወገባቸው ከያዛቸው ወዲህ ሊያነሱት አልቻሉም። አለመቻላቸውን ሰው እንዳያውቅባቸው ግን በየቀኑ በአጠገቡ ሲያልፉ በዱላቸው መታ መታ ያደርጉታል።

የቢ ካዚጃ ፊት ተለወጠ። ነገሩ ለክርክሩም ለማታው ድስትም እንደሚሆን እንደገባቸው አየሁ።

«እነዚህ ልጆችሽ ጉልበት አላቸው?» አሉ።

«አላቸው።»

«ያንሱልኝ። ከሥሩ ፑዌዛ ከኖረ የእኔ ነው። ቃል ግቢልኝ!»

ዙዌና ትንሽ አመነታች። «እሺ፣ የእርስዎ ነው። ግን ቆጥረን መልሰን እናስተኛዋለን።»

«ፑዌዛዬን ከያዝኩ በኋላ ከፈለግሽ ፍራሽ አንጥፊለት።»

ወሬው ከመቅጽበት ተዳረሰ። ሴቶቹ ከየቦታቸው ተሰበሰቡ። ፋኪ ሸሚዙን አወለቀ፤ ልብስ ሰፊዋ ካንጋዋን አጠበቀች፤ እኔም፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ወንበር እንኳ የማላነሳ ሰው፣ ትከሻዬን አስገባሁ። ቢ ካዚጃ ከፊት ለፊት ዱላቸውን ደግነው ቆሙ። «ቢስሚላህ!» ብለን አንድ ላይ አነሳነው።

ምኑን ልንገራችሁ! ያየሁትን ዛሬ ሳስበው እንኳ ልቤ ይዘላል። የድንጋዩ ሆድ ብርቱካናማና ሐምራዊ በሆነ ሰፍነግ ተለብዷል። ቀጫጭን ክንድ ያላቸው ባለኮከቦች ከብርሃኑ ለመሸሽ ይራኮታሉ። ሸርጣኖች፣ የጥፍሬን የሚያህሉም የመዳፌን የሚያህሉም፣ በእግሮቼ መካከል ሲሮጡ ጮህኩ፤ አላፍርበትም። አንዲት ዛጎል እንቁላሏን አቅፋ ተጣብቃለች። ፈቃደኞቹ ቁጥሩን እርስ በርስ እየተጣሩ ይጽፋሉ፤ ሴቶቹ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ይላሉ። «ይቺ ዛጎል ከጠፋች ስንት ዘመኗ!» አለች አንዷ፣ «እኔ ልጅ ሆኜ ነው ያየኋት!»

«ዝም!» አሉ ቢ ካዚጃ።

ከድንጋዩ ጥግ፣ በጎድጓዳው ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ዓይን ያየናል። ፑዌዛ ነው። ትልቅ ነው! ቆዳው ከቡናማ ወደ ነጭ፣ ከነጭ ወደ ቀይ ይለዋወጣል። ስምንቱም ክንድ አለ። ለቢ ሙዋቲማ የሚገባ፣ ድስቱን የሚሞላ፣ ወደብ ድረስ የሚወራለት ፑዌዛ! ቢ ካዚጃ ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። ድንጋዩን በትከሻዬ እንደደገፍኩ ‘አገኙ፣ አልሐምዱሊላህ’ አልኩ በልቤ።

ፑዌዛው አልሸሸም። ክንዶቹን ወደ ላይ ዘርግቶ የሆነ ነገር ሸፈነ። ከጎድጓዳው ጣሪያ ላይ ነጫጭ ፍሬዎች በዘለላ በዘለላ ተንጠልጥለዋል።

«ምን ሆና ነው የማትሸሸው?» አሉ ቢ ካዚጃ። ዱላው እንደተነሳ ነው።

«እንቁላሏ ነው፣ ቢቢ። ትታው አትሄድም።»

«እንቁላል መሆኑንማ አውቃለሁ። የማይሸሽ ስናገኝ የአላህ ስጦታ ነው እንል ነበር።»

«እስኪፈለፈሉ ድረስ ምግብ አትቀምስም። ውሃ ትነፋላቸዋለች፣ በክንዷ ትጠርግላቸዋለች። ሲወጡላት እሷ ትሞታለች።»

«መሞቷ ካልቀረ ዛሬ ብትሞት ምን ይጎድላል?»

«እሷ ከሌለች ትናንሽ ዓሦች ዛሬውኑ እንቁላሉን ይጨርሱታል።» ዙዌና ወደ አያቷ ዞረች። «ግን ቃል ገብቼልዎታለሁ። የእርስዎ ናት። ማታ የሚከበረውም የሚዋረደውም ቤታችን መሆኑን አውቃለሁ፤ አልከለክልዎትም።»

ከሩቁ ነጭ መስመር ውሃው እየተንሿሿ መምጣት ጀምሯል። ቢ ካዚጃ ፑዌዛዋን አዩ፤ ከዚያ ዘወር ብለው ዙሪያውን ያሉትን ነጫጭ ድንጋዮች አዩ፤ ከዚያ እንደገና የእናታቸውን ድንጋይ ሆድ አዩ።

«ይሄኛው የዳነው» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ወገቤን ስለታመምኩ ነው ማለት ነው?»

ዙዌና የአያቷን ክንድ ያዘች።

«ወገቤ ባይዘኝ ኖሮ... ጤነኛ ብሆን ኖሮ እሱንም ከሌሎቹ ጋር አንጥቼው ነበር።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። በዚያች ሴት ዓይን እንባ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ዱላቸውን አሸዋው ላይ ሰክተው ሁላችንም ላይ ጮሁ፤ «ምን ትገተራላችሁ? አስተኙት! በሆዱ አስተኙት! ቀስ ብላችሁ! ለጣታችሁ አትሳሱ፣ ለእሷ ተጠንቀቁላት!»

አስተኛነው። ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደርሷል። ዙዌና አያቷን አቅፋ ስታለቅስ እሳቸው ገፈተር አደረጓት።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። አሁን ከኋላዬ የምትመጣዋ ሴት በምን ታውቃለች? የእሷንስ ወገብ ማን ያስብላት?»

ዙዌና ፈቃደኞቹን ዞራ አየች። «ይሄን... አላሰብነውም፣ ቢቢ።»

«በኖራ ምልክት እናድርግበት?» አለ ፋኪ።

«ኖራ! ከዚያ ዕድሜ ልኩን ታይቷል ይባላል፤ አይ ያንተ ነገር!» ቢ ካዚጃ ጎንበስ ብለው ከኩሬው ዳር ረዥሙን ቡናማ የባሕር ሣር ነቀሉ። ቋጠር አደረጉትና በተኛው ድንጋይ ጀርባ ላይ አኑረው ትንሽ ጠጠር ጫኑበት። «ይሄውላችሁ። ታይቷል ማለት ነው። ባሕሩ ሲመለስ ይወስደዋል፤ በሌላው ቀን ድንጋዩ እንደ አዲስ ነው። ደግነታችንም አይቀር፣ ቤታቸውም አይፈርስ። ምን ታዩኛላችሁ? ውሃው ሳይመጣ የቻላችሁትን መልሱ!»

ከዚያ የሆነውን ብታዩ! ሴቶቹ፣ ፈቃደኞቹ፣ እኔም ራሴ፣ ውሃው ጉልበታችን እስኪደርስ ድረስ ድንጋይ በሆዱ ስንመልስ፣ ሣር ስንቋጥር፣ እርስ በርስ ስንረጫጭ ቆየን። እንደዚያ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም። ቢ ካዚጃ ብቻ ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው ወደ ቤት ሲያዘግሙ አየሁና ደስታዬ ቀዘቀዘ። ማታው ገና አልመጣም።

ማታ እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተጠርቼ ነበር። በቅመም የተሠራው ሩዝ፣ ፒላው፣ ቀረበ፣ የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ፣ ሙዝ በኮኮናት ቀረበ። ቢ ሙዋቲማ ምንጣፉ ላይ በክብር ተቀምጠው ድስቱን ሁሉ በዓይናቸው ከፈቱ። እጃቸውን ታጥበው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጎርሱ፣

«ካዚጃ፣ ፑዌዛው የት አለ?» አሉ።

የልጁ አጎት ጉሮሮውን ጠረገ። ዙዌና ከመጋረጃው ኋላ ወደ እኛ ስትጠጋ ተሰማኝ።

«እንቁላሏ ላይ ተቀምጣለች» አሉ ቢ ካዚጃ።

«ምን?»

«ዛሬ በእናቴ ድንጋይ ሥር አገኘኋት። እንዲህ ያለች ፑዌዛ አንቺም በሕልምሽ አላየሻትም። ዱላዬን አንስቼባት ነበር። ተውኳት።»

«ተውሽያት? እኛ እየመጣን?»

«ስለምትመጡ ነው የተውኳት!» ቢ ካዚጃ በጉልበታቸው ተነሱ። «ስሚኝ፣ ሙዋቲማ። እሷን ባቀርብልሽ አንድ ማታ በልተሽ ትንሽ ናት ብለሽ ታሚኝ ነበር። ልጆቿ ሲፈለፈሉ ውሃው ይወስዳቸዋል፤ ይቺ የልጅ ልጄ እንደምትለው፣ ወሽመጡን ተሻግረው እናንተ ጋም ይደርሳሉ። የእናንተን ድርሻ በባሕር ልኬልሻለሁ። ግን ሲደርሱ የሚጠለሉበት ድንጋይ ይኑራችሁ። ያንቺ ጠረፍ ነጭ ነው ጥቁር?»

ቢ ሙዋቲማ እግራቸውን ሰበሰቡ። አሁን ተነስተው ይሄዳሉ፣ ጋብቻውም ይፈርሳል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ፒላው ዘረጉ፤ አንድ ጊዜ ጎረሱ፤ አላመጡ፤ ዋጡ።

«ነጭ ነው» አሉ። «ያንቺው ባዶ፣ የእኔም ባዶ። እኔ ቀንቼ መጥቼ ነበር፤ ካዚጃ አሁንም ታገኛለች እያሉ ያወሩልኝ ነበር።» ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞረው ተጣሩ፤ «አንቺ ልጅ! ነይ እስቲ ከዚህ ተቀመጪ። ያንን ማዕዘንሽን ይዘሽ ወደ እኛ የምትመጪው መቼ ነው? ሠርጉን አይደለም የምጠይቅሽ፤ እሱ አልቋል።»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ጠረፎች ድንጋይ የሚያድረው በሆዱ ነው። ጥቅሙን ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ሴቶቻችን አንድን ድንጋይ ሁለቴ አያነሱም፤ ምክንያቱም የሣር ቋጠሮው ይነግራቸዋል። ከድንጋዩ ሥር ያለው ጥላ ስለማይነጠቅ ሸርጣኑ ተመልሷል፤ ሸርጣኑን ተከትሎ ፑዌዛው ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። እንቁላል የታቀፈች ስትገኝ የምትለቀቅ ሆናለች። ፈቃደኞቹም በየሽሽቱ ቆጥረው ምን እንደ ጨመረና ምን እንደ ጎደለ ለመንደሩ ያስታውቃሉ፤ ማንም በግምት መብራትን ወይም ሱሪን አይወቅስም። ከእናቶቻችን የወረስነውን ደግነት ሳንጥል ጉዳቱን ብቻ መጣል እንደምንችልም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለተማሪዎቼ ከሁሉ አስበልጬ የማስተምረውም ይህንን ነው።

እኔ ግን አሁንም መርሳት አይለቀኝም። በቀደም ዕለት ባሕሩ ሸሽቶ፣ አንዲት ትንሽ ድንጋይ ገልብጬ ባለኮከቧን ሳደንቅ ቆይቼ፣ ተነስቼ መንገዴን ስቀጥል፣ ከኋላዬ የመጣ እርጥብ ሣር ማጅራቴን መታኝ።

«አንተ መምህር!» ይላል የቢ ካዚጃ ድምፅ። «እናትህ የሰው ቤት በር ከፍተህ እንድትሄድ ነው ያሳደገችህ? ተመለስና ዝጋ!»

ተመልሼ ዘጋሁ።